ሁለት ለስላሳ፣ ሁለት ሻካራ

«አንቺስ? አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

የሙዚቃ ዕቃ መደብሩ ሻጭ ይህን ስትጠይቃት ድንቢጥ ወደ ባንኮኒው ተጠጋች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሊወጣላት አልቻለም። በግራዋ አለቃ፣ በቀኟ ዶፍ ቆመዋል። ሱቁ ውስጥ ከገቡ ጀምሮ ሁለቱም በእሷ ፋንታ ሲመልሱ ስለቆዩ፣ ሻጯ በመጨረሻ ሰልችቷት ነው ፊቷን ወደ መሐከለኛዋ ያዞረችው።

ባንኮኒው ላይ ሁለት ዓይነት የቤዝ ጊታር ክር ተቀምጧል። አንደኛው ጊታራቸው ላይ እንዳለው ያለ ሻካራ ነው። ክብ ሽቦ ስለተጠመጠመበት ጣት ሲሄድበት እንደ ሞረድ ይፍቃል፤ ሲመታም ድምፁ እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለበት ነው፤ ሲዳብሱት እንደ ጥብጣብ ልስልስ ይላል። ሻጯ «ፍላት» ነው ያለችው። ከፍላቶቹም ውስጥ ላላ ያለውን ነበር ያወጣችላቸው፤ ተቃኝቶ እንኳ ጣትን ብዙ የማይታገለውን።

«ፍላት የሽማግሌ ክር ነው» አለ አለቃ፣ ድንቢጥ ሳትመልስ። «ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። አቦ፣ ፋራ አንሁን።»

«ሞቅ ያለ ድምፅ አለው ይባላል» አለች ድንቢጥ ቀስ ብላ።

የተናገረችው የሰማችውን እንጂ የራሷን አልነበረም። የራሷ ምክንያት ግራ እጅጌዋ ውስጥ ተደብቋል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ፣ ሻካራዎቹን ክሮች ተጭና ስትጫወት ከአውራ ጣቷ ሥር የሚነሳ ሕመም እየሳበ እስከ ክርኗ ይወጣል። ጠዋት የጥርስ ሳሙናውን ክዳን መክፈት እያቃታት በጥርሷ ነው የምትከፍተው። ለእነዚህ ሁለቱ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። አለቃ አንድ ጊዜ፣ «የድንቢጥ እጅ የተሠራው ማንኪያ ለመያዝ ነው» ብሎ ቀልዶ ሁሉም ስቀው ነበር። እሷም ስቃለች። ከዚያ ወዲህ ስለ እጇ ማውራት አልሆነላትም።

ድንቢጥ የተባለችው ቤዙን በጀርባዋ አዝላ ስትሄድ ከኋላ ለሚያያት ጊታሩ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ስለሚመስል ነው። አለቃን አለቃ ብሎ የሾመው የለም፤ ሌላው ሳያስብ እሱ ስለሚወስን ስሙ ራሱ መጥቶ ተለጠፈበት። ጊታር የሚመታው እሱ ነው። ዶፍ ድራም መቺዋ ናት። ስትመታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ የወረደ ይመስላል፤ ስትስቅም እንደዚያው።

ዶፍ አሁንም ሳቀችና በሁለቱ መሐል ገባች። «ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? አራት ክር አይደለም እንዴ? ሁለቱ ወፍራሞች ለስላሳ ይሁኑ፣ ሁለቱ ቀጫጭኖች እንደ ድሮው ሻካራ ይቆዩ። አንቺም ደስ ይልሻል፣ እሱም አፉን ይዘጋል።»

ሻጯ ግንባሯን በእስክሪብቶዋ አከከች። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው አይታ እንደማታውቅ፣ ለስላሳው የሚሸጠው አራቱም አንድ ላይ እንደሆነ፣ ሁለቱ የግድ ተርፈው እንደሚቀሩ ነገረቻቸው። አንድ አንገት ላይ የላላና የተወጠረ ክር መቀላቀል ጣጣ እንደሚያመጣም ጨመረች። አለቃ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዶፍን እያየ ነበር።

«እጅ ይውጣ» አለች ዶፍ።

የሦስቱ ደንብ ይህ ነው። ጊታሮቹን፣ ድራሙን፣ የድምፅ ማጉያውን አዋጥተው አሮጌ የገዟቸው አብረው ስለሆነ፣ ሦስት እጅ ካልወጣ ማንም ምንም አይነካም። ደንቡን ያመጣችው ዶፍ ናት። ቤቷ ውስጥ ከእሷ የሚበልጡ ወንድሞች አሏት፤ የምትተኛበትን ክፍል፣ የምታየውን ፊልም፣ የጸጉሯን አቆራረጥ ሳይቀር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብስክሌቷን ለአክስታቸው ልጅ ሰጥተውት ነው የጠበቋት። «ያድግበታል ብለን ነው» አሏት፣ ልጁን ማለታቸው ነው። ቡድኑ የተመሠረተ ቀን ዶፍ ስለዚህ ነገር እየሳቀች ካወራች በኋላ ሳቋን አቁማ፣ «እዚህ ግን ማንም ማንንም ሳይጠይቅ አይሠራም» ብላ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ለዘፈን ቅደም ተከተል እጅ አውጥተዋል፤ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ብለው እንኳ እጅ አውጥተው ያውቃሉ።

አለቃ እጁን አወጣ። ዶፍ አወጣች። ድንቢጥ በመጨረሻ፣ ቀኝ እጇን አወጣች። ግማሽ ለስላሳ ከምንም ይሻላል ብላ ነበር።

የሚለማመዱት በትምህርት ቤቱ የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በተደራረቡ የተሰበሩ ወንበሮች መሐል ነው። ሁለቱ ወፍራም ለስላሳ ክሮች ገብተው ቤዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመታ ሦስቱም ተያዩ። የወፍራሞቹ ድምፅ አጭርና ድቡልቡል ነው፤ «ዱም» ብሎ ይቀመጣል። ድንቢጥ በጣም ወደደችው። ከዚያ ዜማው ወደ ቀጫጭኖቹ ሲሻገር «ጢንንን» ብሎ ጮኸ።

«አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አፉን የሚነጥቀው ነው የሚመስለው» አለ አለቃ።

ዶፍ ይለመዳል አለች። አልተለመደም። ላላ ያሉት ወፍራሞቹ ሲመቱ ሰፊ እየተወዛወዙ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች ይነኩና እንደ ዝንብ ይንዘረዘራሉ። አለቃ ቁልፍ ይዞ የአንገቱን ብሎን ፈታ ሲያደርገው ወፍራሞቹ ተሻሉ፤ ቀጫጭኖቹ ግን ከአንገቱ ርቀው ቆሙና ለመጫን እንደ በር መዝጊያ ከበዱ። መልሶ ሲያጠብቀው ዝንቡ ተመለሰ። ድንቢጥ ወፍራሞቹን በቀስታ፣ ቀጫጭኖቹን ደግሞ በጣም በቀስታ ለመምታት ሞከረች። ከዚያ ገልብጣ ሞከረች። በየቀኑ አንድ ነገር ትሞክራለች፣ በየቀኑ አለቃ መሐል ላይ ያስቆማል፤ «እንደገና» ይላል። «እንደገና» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ላይ ቀድዳ ልታወጣው ደረሰች።

ከሁሉ የሚያናድዳት ሌላ ነበር። ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት የመረጡት ዘፈን ከባዱ ቦታ፣ ጣት የሚያራውጠው፣ ያለው በሙሉ ቀጫጭኖቹ ላይ ነው። ለስላሳዎቹ የሚመጡት ማረፊያው ላይ ብቻ ነው። እጇ የሚታመምበት ቦታ ላይ ሻካራው፣ የማይታመምበት ቦታ ላይ ለስላሳው። እጅ ስታወጣ ይህን አለማሰቧን ባስታወሰች ቁጥር እርር ድብን ትላለች። የምትናደድበትም ሰው አጣች። ተስማምታለች፤ ማንም አላስገደዳትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ከሥራ ቀድማ ገባች። እናቷ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ቀኝ አንጓዋ ላይ ዘወትር የሚለጠጥ ፋሻ ይታሰራል፤ ድስት የምታነሳው በሁለት እጇ ነው፣ ያም እያማጠች። ድንቢጥን ወጥ ቤት ውስጥ ግራ እጇን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ አገኘቻት።

እናቷ አልጮኸችም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና እጇን ከውኃው አውጥታ አንጓዋ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ልክ የሚያመው ቦታ ላይ። ድንቢጥ ትንፋሿን ሳበች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ነው እማ። ይተወኛል።»

«እኔም እንደዚሁ ነበር የምለው። ትንሽ ነው እያልኩ ይኸው አሁን ቁልፌን የምታዞርልኝ ጎረቤቴ ናት።» እናቷ እጇን በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችላት፤ ጣት በጣት፣ እንደ ሕፃን ልጅ እጅ። «ልጄ፣ ሁለት እጅ ነው የተሰጠን፤ ሦስተኛ መጠባበቂያ የለም። እኔ የጠላሁት ሙዚቃውን አይደለም። በሚመጣው ሳምንት እንዲህ ሆነሽ ካገኘሁሽ ግን ያን ነገር ራሴ ተሸክሜ ለጓደኞችሽ እመልሰዋለሁ። ደግሞ በዚህ እጄ ስሸከመው ታይኛለሽ።»

ድንቢጥ የመጨረሻውን አልወደደችውም። እናቷ ያለችውን እንደምታደርግ፣ ያን ረጅም የጊታር ሣጥን አቅፋ ደረጃውን ስትወርድ፣ በየደረጃው ስትቆም ሁሉ ታያት።

በማግሥቱ ለሁለቱ ጓደኞቿ እንቅጩን ነገረቻቸው። እጇ ከመቼ ጀምሮ እንደሚታመም፣ ሱቁ ውስጥ ለምን ለስላሳውን እንደፈለገች፣ እናቷ ምን እንዳለች። ሁለቱ የተረፉ ክሮች ሣጥኑ ኪስ ውስጥ ናቸው፣ ይግቡ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ አለች።

አለቃ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» አለ። የማንኪያው ቀልድ ትዝ ብሎት ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ከዚያ ግን ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። መግቢያውን የሠራው የእሱ ጊታርና የቀጫጭኖቹ ክሮች ጩኸት እየተቀባበሉ እንዲሄዱ ነው፤ ለስላሳው ከገባ መግቢያው ይሞታል፤ እንደገና ለመሥራት ደግሞ ጊዜ የለም። «ዝግጅቱ ይለፍና አራቱንም እንቀይራለን። እኔ ራሴ እገጥምልሻለሁ።»

«እጅ ይውጣ» አለች ዶፍ፣ ሳትስቅ።

ድንቢጥ አወጣች። ዶፍ ወዲያው አወጣች፤ እንዲያውም ከፍ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ መልስ እንደምታውቅ ተማሪ። አለቃ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

ዶፍ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አወረደችው። «ሁለት ነው።»

«እጄ እኮ ነው የሚያመኝ» አለች ድንቢጥ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያወጣሁት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዛሬ ለአንቺ ብለን ደንቡን ከጣስን ነገ ለእሱ እንጥሰዋለን። እናንተ ሁለታችሁ የፈለጋችሁትን መናገር ታውቁበታላችሁ። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይጠይቀኛል?» ዶፍ የድራም ዱላዎቿን አጋጨቻቸው። «እለምነዋለሁ። ነገም እለምነዋለሁ። እስኪያወጣ ድረስ።»

እውነትም ለመነችው። በዕረፍት ሰዓት ለመነችው፣ ከክፍል ሲወጡ ለመነችው፣ እሱ ውኃ ሲጠጣ ቧንቧው ላይ ቆማ ለመነችው። አለቃ ዝግጅቱ ይለፍ ከማለት ፈቀቅ አላለም። ድንቢጥ በበኩሏ ጊታሩን በቀኝ ክንዷ ደግፋ የግራ እጇን ጫና ለመቀነስ ሞከረች፤ የጊታሩን ማንገቻ አሳጠረች፤ በየዘፈኑ መሐል እጇን አራገበች። የሕመሙን ቦታ ማንም እንዳያይባት መደበቋን ትታለች፣ ሆኖም ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሰው ሁሉ አወቀ፣ ሰው ሁሉ አዘነ፣ ክሩ ግን ያው ክር ነው። ይህ ከመደበቁ ይበልጥ አንጀቷን አሳረራት።

ቤቷ ሆና በሯን ዘግታ ብትቀይረውስ? አስባበታለች። አልጋዋ ላይ አስቀምጣው ክሮቹን ገጥማ ስትመጣ፣ አለቃ ይናደዳል፣ ዶፍ ትደነግጣለች፣ ነገሩ ግን አልቋል። አንድ ቀን ማታ ሣጥኑን እስከመክፈት ደርሳ ነበር። የዶፍ ብስክሌት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ሰው በሌለበት የሰውን ነገር ማድረግ ማለት ያ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ልምምድ ላይ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከባዱ ቦታ ሲደርስ የድንቢጥ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ታዘዢ ስትባል እንቢ አለች። አልታመመችም፤ ብቻ አልተጫነችም። ክሩ ባዶውን ጮኸ። አለቃ ቆመ። ዶፍ ቆመች።

«እንደገና» አለ አለቃ፣ ከልማድ።

ድንቢጥ ጣቷን አየቻት። አጠፈቻት፣ ዘረጋቻት። ከዚያ ማንገቻውን ከትከሻዋ አወጣችና ቤዙን እግሩ የሚንቀጠቀጠው ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። ከሣጥኑ ኪስ ውስጥ የተጠቀለሉትን ሁለት ክሮችና መቁረጫውን አወጣች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለ አለቃ።

«እቀይረዋለሁ።»

«እጅ ሳይወጣ?» ያለችው ዶፍ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«እጅ ሳይወጣ» አለች ድንቢጥ። «ጠይቄያችኋለሁ። ሁለተኛ አልጠይቅም። እናንተ ፊት ነው የማደርገው፣ ተደብቄ አይደለም።»

መጀመሪያ የአንደኛውን ሻካራ ክር መቃኛ ቁልፍ አላላች። ክሩ እየረገበ ዝቅ አለ፣ ድምፁም እየወፈረ ወርዶ ጠፋ። አለቃ አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ተራመደ፤ ድንቢጥ ጊታሩን ይነጥቀኛል ብላ ክንዷን አሳረፈችበት። አልነጠቃትም። ቆሞ አያት። ከዚያ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ጫፉን በጉልበቱ ደገፈው፤ ሆን ብሎ ይሁን ወይም የሚቆምበት ጠፍቶት፣ ፊቱ እንደተኮሳተረ ነበር።

አዲሱን ክር ከታች አስገባች፤ እስከ ቁልፉ ድረስ አመጣችውና ልትቆርጠው ስትል ቆመች። እንዲህ ዓይነቱ ክር ዝም ብሎ አይቆረጥም፤ መጀመሪያ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ እጥፍ ይደረጋል፣ አለዚያ ጠፍጣፋው ሽቦ ከውስጥ ይላቀቅና ድምፁ ይሞታል። በጣቷ ማጠፍ አቃታት። በጥርሷ ልትሞክር ጎንበስ ስትል አለቃ ከእጇ ወስዶ አጠፈውና፣ «መግቢያዬን ገደልሽው፤ ታውቂያለሽ አይደል?» አለ።

«አውቃለሁ።»

ክሩን ጣለላት። እሷ ቆረጠችው።

ዶፍ ከድራሙ ኋላ አልተነሳችም ነበር። ሁለተኛው ሻካራ ክር ሲወርድ ግን ተነሳች። «አንድ ቀን ብትጠብቂኝ» አለች። «አንድ ቀን። እኔ እጁን አስወጣው ነበር።»

ድንቢጥ ቀና ብላ አየቻት። እጄ አንድ ቀን አይጠብቅም ልትል ነበር፤ እናቴ ልትል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ዶፍ ግን እውነት የሆነውን ነገር አልነበረም የጠየቀቻት። የጠየቀቻት ደንባቸው እንዲከበር ነው፣ እሱን ደግሞ ድንቢጥ አሁን እየሰበረችው ነው፤ እያወቀች፣ በገዛ እጇ።

«ይቅርታ» አለች። «ግን አላቆምም።»

ዶፍ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገባት ሰው። ድራሙ የሦስቱ ነው፣ ወንበሩም የሦስቱ ነው፤ የራሷ የሆኑት ዱላዎቹ ብቻ ናቸው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። በሩን ሳትወረውረው፣ ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ያ ዝግታ ድንቢጥን ከጩኸት ይልቅ ከበዳት።

ሁለተኛውን ክር ስትገጥም ዓይኗ በእንባ እየደበዘዘ ቁልፉን ሳተችው። በእጅጌዋ ጠረገችና እንደገና ጀመረች። ቃኘችው። አራቱንም ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ መታቻቸው። አራቱም በአንድ አንደበት ተናገሩ፤ ዝቅ ያለ፣ ድቡልቡል፣ የማይጮኽ። ትንሿ ጣቷ ተጫነች። የሚቀረውን ሁሉ፣ ያለ ድራም ዝግጅቱ እንዴት እንደሚሆን፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ ከማን አጠገብ እንደምትቀመጥ፣ ገና አላሰበችበትም።

«የሞተ ነው» አለ አለቃ። ጊታሩን አንስቶ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። «የመጀመሪያውን እንደገና ምቺው፣ ልቃኝበት።»

መታችለት። እሱ ሲቃኝ እሷ በሩን አየች። አለቃ ቀርቷል። ዶፍ ሄዳለች።